ከቤት አትውጡ በተባለበት ወቅት ዐለት መውጣት

እ.ኤ.አ. በ2020 ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ፣ ለብዙ ዓመታት በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ታስረን ዐለት ስንወጣ የኖርነው ጓደኛዬ ስልክ ደውሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እኔና አንተ ብቻ ነን፤ ቦታው ገላጣ ነው፤ ነፋሱ እንደ ልቡ ይነፍሳል፤ ድንጋይ እንደሆነ አያስለው፣ አያስነጥሰው። ታዲያ ብንሄድ ማንን እንጎዳለን?» አለኝ። ያን ሰሞን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከቤት መውጣት የተፈቀደው ምግብና መድኃኒት ለመግዛት፣ ለማይቀር ሥራ፣ እንዲሁም በቀን አንድ ጊዜ ሰውነትን ለማንቀሳቀስ ነበር። ሰውነትን ማንቀሳቀስ ሲባል ዐለት መውጣትን ይጨምር እንደሆነና እንዳልሆነ የሚናገር አንድም መስመር በደንቡ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ለጓደኛዬ የምሰጠው መልስ አጣሁ፤ መልስ ስላጣሁም አብሬው ሄድኩ።

በዚያ ቀን ምንም ክፉ ነገር አልደረሰብንም። አልወደቅንም፣ አልታመምንም፣ ማንንም በሽታ አላስያዝንም፤ ቢያንስ እስከማውቀው ድረስ። ጥፋቴን ለማየት ብዙ ጊዜ የፈጀብኝም በዚህ ምክንያት ነው። አንዳችን እግሩን ሰብሮ ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ቀላል በሆነ፤ አንባቢውም የሚሆነውን ገና ከመነሻው ይገምተው ነበር። ነገር ግን አንድ ውሳኔ ትክክል መሆኑና አለመሆኑ የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት በታወቀውና ሊታወቅ ይችል በነበረው ነገር እንጂ በኋላ ዕድል በሰጠው ውጤት አይደለም። በሰላም ወደ ቤቴ መመለሴ መሄዴ ተገቢ እንደነበር ማስረጃ አይሆነኝም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ዕለት ያሳፈረኝ ሌላ ነገር ነው። ከዐለቱ በታች ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ስንደርስ ሁለት መኪኖች ቀድመውን ቆመዋል። ከግርጌው ሁለት ሰዎች ገመዳቸውን ዘርግተዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሌሎች ሁለት መጡ። እርስ በርሳችን ከሩቅ እጅ ነሣንና፣ የማይገባ ቦታ ላይ እንደተገናኙ ሰዎች ዓይን ለዓይን ላለመተያየት እየተጠነቀቅን ወደየሥራችን ዞርን። እያንዳንዱ ጥንድ ከቤቱ ሲነሣ «ሰው አይኖርም» ብሎ አስቦ እንደነበር ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። የጓደኛዬ ክርክር እኛ ሁለታችን ብቻ የምናስበው ክርክር ቢሆን ኖሮ እውነት በሆነ ነበር፤ ግን ለእኛ የሠራ ምክንያት በተመሳሳይ ሁኔታ ላለ ሰው ሁሉ ይሠራል። ይህ በትልቁ ምን እንደሚመስል ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በዌልስ ታይቶ ነበር። በማርች 21 እና 22 ቀን 2020፣ የብሪታንያ መንግሥት እገዳውን ከማወጁ አንድና ሁለት ቀን በፊት፣ ንጹሕ አየርና ባዶ ስፍራ ፍለጋ የወጣው ሕዝብ የስኖውዶኒያን ተራሮች ከማጥለቅለቁ የተነሣ የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር እንዲህ ያለ የጎብኚ ብዛት በሰው ትውስታ ታይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ከሰው ለመራቅ የወጣ ሰው ሁሉ አንድ መንገድ ላይ ተገናኘ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የዐለት መውጣት ተቃዋሚዎች ደጋግመው ያነሱት የነበረው ምክንያት የመነካካት ጉዳይ ነው። አንዱ የጨበጠውን የድንጋይ ከንፈር ሌላው ይጨብጠዋል፤ ስለዚህ ዐለቱ ራሱ በሽታ ያስተላልፋል የሚል ነበር። ማርች 2020 ላይ የወጣ የቤተ ሙከራ ጥናት ቫይረሱ በፕላስቲክና በማይዝግ ብረት ላይ እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል ስላሳየ፣ ይህ ስጋት የሞኝ ስጋት አልነበረም። ይሁን እንጂ ጥናቱ ፀሐይና ነፋስ የሚፈራረቁበትን ዐለት አልፈተነም። እየቆየም የተገኘው መረጃ ወደ ሌላ አቅጣጫ አመለከተ። በቻይና ከሁቤይ ግዛት ውጭ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የተያዙባቸው 318 ክስተቶች ሲመረመሩ ሁሉም በሕንፃ ወይም በሌላ ዝግ ስፍራ የተከሰቱ ሆነው ተገኙ። በኤፕሪል 2021 ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል አንድ ሰው የተበከለ ነገር በመንካት የመያዝ ዕድሉ በአንድ ንክኪ ከ10,000 አንድ እንኳ እንደማይሞላ ገለጸ። በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ በሚገኘው ዴ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራም፣ የዚህ ቫይረስ ዘመድ የሆነ ሌላ ኮሮና ቫይረስ እኛ እጃችንን በምናደርቅበት ነጭ ዱቄት ላይ ሲያርፍ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አብዛኛው የመበከል ኃይሉን እንደሚያጣ አሳየ።

ስለ መነካካት ካነሣን ግን፣ ከድንጋዩ ይልቅ ሊያሳስበን ይገባ የነበረው ገመዱ ነው። ዐለት የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ለማያውቅ ሰው ግን ሲነግሩት የሚያስደነግጠው አንድ ልማድ አለን። ገመዱን ከመጠበቂያው ካራቢነር (ተከፍቶ ከሚዘጋው የብረት ቀለበት) ለማስገባት ከፍ አድርገን ስንስብ፣ አንድ እጃችን ዐለቱን ስለያዘ፣ የሳብነውን ገመድ በጥርሳችን ነክሰን እንደገና እንስባለን። ያ ገመድ ከታች ሆኖ በሚጠብቀን ሰው መዳፍ ውስጥ ሲያልፍ የዋለ ነው። በረጅም ዐለት ላይ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች መሐል መንገድ ላይ ባለ የእግር መቆሚያ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በአንድ መልሕቅ፣ ማለትም ዐለቱ ላይ በተጠመደ ማሰሪያ፣ ላይ ይንጠለጠላሉ። ከመነሣታችን በፊት አንዳችን የአንዳችንን ቋጠሮና የወገብ መታጠቂያ የምንፈትሸው አፍንጫ ለአፍንጫ ቀርበን ነው፤ ይህን ፍተሻ በሁለት ሜትር ርቀት አደርጋለሁ የሚል ሰው ከበሽታው ሸሽቶ ገደሉን መርጧል። ስለዚህ «ሁለት ሜትር ጠብቀን እንወጣለን» የሚለው የብዙዎቻችን መሐላ ከመጀመሪያው ውሸት ነበር። አንድ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች ከሆኑ ይህ ሁሉ አያገባንም፤ እኔና ጓደኛዬ ግን በሁለት ቤት የምንኖር ነበርን፤ እሱም በዕድሜ የገፉ እናቱን በየቀኑ የሚያይ ሰው ነበር።

ያም ሆኖ ክርክሩ ሁሉ በመነካካት ላይ መንጠልጠሉ ጉዳት አድርሷል ብዬ አምናለሁ። ደካማው ምክንያት ፊት ለፊት ስለቆመ፣ እሱን በቀላሉ ያፈረሰ ሰው ጉዳዩን ሁሉ የረታ መሰለው። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ያነበብኩት ሁሉ የሚያጸድቀኝን ብቻ ነበር፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የተባለው ለዳቦ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ክብደት ያለው ምክንያት የነፍስ አድን ሥራው ነው። ይህን ከሁሉም በተሻለ ግልጽ አድርጋ በሕግ ያሰፈረችው ኒውዚላንድ ይመስለኛል። በኤፕሪል 2020 መጀመሪያ የወጣው ትእዛዝ ሰዎች በመኖሪያቸው አካባቢ እንዲራመዱና እንዲሮጡ ሲፈቅድ፣ ዋናን፣ አደንን፣ በዱር ረጅም ጉዞ ማድረግን፣ እንዲሁም ተሳታፊውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ወይም የፍለጋና የነፍስ አድን አገልግሎት ሊያስፈልገው የሚችል ማንኛውንም ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ከለከለ። ይህ አጻጻፍ የሚመዝነው ቫይረሱ በድንጋይ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አይደለም፤ ነገሩ ከተበላሸ ማን ሊያነሣህ ይመጣል የሚለውን ነው።

አንድ ሰው ከዐለት ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር ምን እንደሚከተል ያላየ ሰው አምቡላንስ መጥቶ ይወስደዋል ብሎ ያስባል። አምቡላንስ ወደዚያ አይደርስም። የተጎዳውን ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ድንጋያማ ቁልቁለት ለማውረድ ብዙ ሰው ያስፈልጋል፤ ተሸካሚዎቹ እየተፈራረቁ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠግተው፣ በከባድ ሥራ እያለከለኩ ለሰዓታት ይጓዛሉ። ወረርሽኝ እንዲስፋፋ የሚፈልግ ሰው ሊያቅድ ከሚችለው ብዙ የማይርቅ ሁኔታ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እነዚህ የተራራ ነፍስ አድን ቡድኖች ያለ ክፍያ በሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች የቆሙ ናቸው። አንዱ ቡድን በአንድ አባሉ ምክንያት ወደ ለይቶ ማቆያ ቢገባ፣ በዚያ ሸለቆ ለሳምንታት የሚነሣ ሰው አይኖርም።

በፌብሩዋሪ 2021፣ እንግሊዝ ሦስተኛውን አገር አቀፍ እገዳ እያሳለፈች ሳለ፣ በሰሜን ምዕራብ ባለው የሐይቆች አውራጃ ሬድ ስክሪስ በተባለ ተራራ ላይ ደንቡን ጥሰው ድንኳን ተክለው ካደሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ደረቱን አመመው። የፓተርዴል የነፍስ አድን ቡድን በሌሊት ወጣ። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ በመንገድ ላይ ተንሸራቶ 150 ሜትር ያህል ወደቀና አከርካሪው ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ድንኳን የተከሉት ሰዎች እያንዳንዳቸው 200 ፓውንድ ተቀጡ። ይህን ዜና ያነበብኩበትን ሰዓት አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሰዎች ዐለት እየወጡ እንኳ አልነበረም፤ ያደረጉት ነገር እኔ ከአሥር ወር በፊት ካደረግሁት ይልቅ አደጋው የቀለለ ነበር። ነፍስ አድን ሠራተኞቹ ራሳቸው በዚያ ጉዳይ ላይ ሰውን ከመራገም ተቆጥበዋል፤ ማንም ይሁን ማን፣ ለምንም ይውጣ፣ ስንጠራ እንመጣለን ማለት የሙያቸው ክብር ነው። ነገር ግን የእነሱ ደግነት የእኔን ዕዳ አይሰርዘውም። ማንም ቢጠራቸው እንደሚመጡ ማወቄ ራሱ አለመጥራትን፣ ስለዚህም አለመውጣትን ግዴታ ያደርግብኛል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «እኔ ጠንቃቃ ነኝ፣ ከአቅሜ በታች የሆነ ቀላል መንገድ ብቻ እወጣለሁ» የሚል ነው። እኔም ብዬዋለሁ። ነገሩ ግን ሲያስቡት እንደሚመስለው አይደለም። አስቸጋሪ የሚባሉት መንገዶች ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያሉ ወይም ወደ ውጭ ያጋደሉ ስለሆኑ፣ የወደቀ ሰው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ገመዱ ይይዘዋል። ቀላል መንገድ ቀላል የሚሆነው ደረጃና መቆሚያ ስላለው ነው፤ ከዚያ የወደቀ ሰው ገመዱ ከመወጠሩ በፊት ከእነዚያው ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያርፋል። ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እዚያ ነው። ከዚህም ሌላ በሙያችን ውስጥ ለሞት ከሚያበቁት ስሕተቶች ብዙዎቹ ከችሎታ ጋር አይገናኙም፤ ያልተጨረሰ ቋጠሮ፣ ሲወርዱ ጫፉ ላይ ማገጃ ያልተቋጠረለት ገመድ፣ ከላይ ተነቅሎ የሚመጣ ድንጋይ። ጠንቃቃ ሰው እነዚህን ይቀንሳቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም፤ በተለይ ልቡ «እዚህ መሆን ነበረብኝ ወይ» እያለ በሚከራከርበት ቀን።

ሁለተኛው ክብደት ያለው ምክንያት ዐለቱ ያለበት አገር ሰው ነው። መልካም ዐለቶች ሆስፒታል በበዛበት ከተማ መሐል አይገኙም። በአሜሪካ ዩታ ግዛት ያለችው ሞዓብ ለዐለት ወጪዎች ከዓለም ዝነኛ ስፍራዎች አንዷ ስትሆን፣ በወቅቱ የአካባቢው ሆስፒታል 17 አልጋ ብቻ ነበረው፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍልም አልነበረውም። በማርች 2020 አጋማሽ፣ ከየከተማው የሥራና የትምህርት መዘጋትን እንደ ዕረፍት የቆጠረው ሰው ወደዚያ ሲጎርፍ፣ የሆስፒታሉ ሐኪሞች ጎብኚ እንዲታገድላቸው ገዢውን ለመኑ፤ የአካባቢው ጤና ጽሕፈት ቤትም ሆቴሎችና የድንኳን ሰፈሮች ከውጭ የሚመጣ ሰው እንዳያስተናግዱ አዘዘ። የሞዓብን ታሪክ የማነሣው ጎብኚዎቹ ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም። ብዙዎቹ ለብቻቸው በመኪናቸው ተኝተው፣ ለብቻቸው ሊወጡ የመጡ ናቸው። ሆኖም ነዳጅ ይቀዳሉ፣ ውኃ ይገዛሉ፣ መጸዳጃ ቤት ይገባሉ፤ ከአሥር ከተማ የመጣ ትንፋሽ በአንድ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ይገናኛል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ለእኛ ለዐለት ወጪዎች ብቻ የሚገባ አንድ የረጅም ጊዜ ጉዳይ አለ። ከምንወጣባቸው ዐለቶች ብዙዎቹ የሰው መሬት ላይ ናቸው። የእርሻው ባለቤት በሩን ከፍተን በግቢው እንድናልፍ የሚፈቅድልን በግዴታ አይደለም፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት በትሕትና የገነቡት መተማመን ነው። ባለቤቱ አረጋዊ ከሆነ፣ እኛ የነካነውን የበር መቀርቀሪያ ቀን በቀን እሱ ይነካዋል። የብሪታንያ የተራራ ወጪዎች ማኅበር ገና እገዳው ሲጀመር አባላቱ ከዐለትና ከኮረብታ እንዲርቁ የጠየቀው፣ እገዳውን ለማክበር ብቻ ሳይሆን ይህን መተማመን ለመጠበቅም እንደሆነ እረዳለሁ። በአንድ የሰንበት ደስታ የጠፋ ፈቃድ በአሥር ዓመት ልመና ላይመለስ ይችላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሕጉ ምን ይላል ከሚለው ጥያቄ ዘሎ ያለፈ ሊመስል ይችላል። ሆን ብዬ ነው። ሕጉን መመሪያ ማድረግ እንደማይበቃ ለመረዳት አገሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ስፔን ከማርች 14 እስከ ሜይ 2 ቀን 2020 ድረስ አዋቂ ሰው ለስፖርት ከቤቱ እንዲወጣ ጨርሶ አልፈቀደችም። ፈረንሳይ ቅጽ አስሞልታ በቀን አንድ ሰዓት፣ ከቤት እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ፈቀደች። አየርላንድ በሁለት ኪሎ ሜትር ጀምራ ወደ አምስት አሳደገች። የእንግሊዝ ደንብ ሰውነትን ለማንቀሳቀስ መውጣትን እንደ በቂ ምክንያት ሲቀበል በኪሎ ሜትር የተወሰነ ርቀት አላስቀመጠም፤ ስዊድን ደግሞ እንዲህ ያለ የቤት ውስጥ እገዳ አላወጀችም። ቫይረሱ ግን በእነዚህ አገሮች ሁሉ አንድ ነው፤ የሰው አጥንት ጥንካሬም እንዲሁ። ስለዚህ «ተፈቅዷል» የሚለው ቃል ስለ ነገሩ ጉዳት የሚነግረን ጥቂት ነው።

አስፈጻሚዎቹም ቢሆኑ ልኩን የሳቱበት ጊዜ ነበር። በእንግሊዝ የደርቢሻየር ፖሊስ በማርች 2020 ከርባር ኤጅ በተባለው ዝነኛ ዐለት አጠገብ ይንሸራሸሩ የነበሩ ሰዎችን በድሮን ቀርጾ ለሕዝብ አሳየ፤ በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ከቤታቸው አምስት ማይል ያህል ርቀው አብረው የተንሸራሸሩ ሁለት ሴቶችን ቀጥቶ፣ በኋላ ቅጣቱን ሰርዞ ይቅርታ ጠየቀ። ባዶ ሜዳ ላይ ርቀቱን ጠብቆ የሚሄድን ሰው እንደ ወንጀለኛ በአደባባይ ማሳፈር ትክክል አይመስለኝም። ይህን ብዙ ጓደኞቼ ያነሡታል፤ እውነትም አላቸው። የማልስማማው ከዚያ በሚዘሉበት ዝላይ ነው፤ ፖሊሱ አጥፍቷልና እኔ ነጻ ነኝ ማለት አያስኬድም። በኒውዚላንድ የጤና ሚኒስትሩ ራሱ ቤተሰቡን ይዞ 20 ኪሎ ሜትር ነድቶ ወደ ባሕር ዳርቻ መሄዱ ሲታወቅ፣ ከካቢኔው ደረጃ ወደ መጨረሻው ወረደ። በዚያ ጉዞ ማንም ታመመ ሲባል አልሰማሁም። ሕዝቡን ያስቆጣው ደንቡን ያወጣው መንግሥት ሚኒስትር ለራሱ የተለየ ሚዛን መያዙ ነበር፤ እኔም በዐለቱ ግርጌ ከመጡት ከሌሎቹ አራት ሰዎች ዓይኔን ያሸሸሁት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ኤቨረስትን በተመለከተ ግን ፍርዴ ይንቀጠቀጣል። በማርች 2020 ቻይናም ኔፓልም የጸደዩን የመውጫ ወቅት ሲዘጉ፣ ተራራ ወጪው የቀረበት የሕልም ጉዞ ሲሆን፣ መንገድ የሚመራውና ጓዝ የሚሸከመው ሼርፓ የቀረበት ግን ቤተሰቡን ዓመቱን ሙሉ የሚያበላው ገቢ ነው። በማግስቱ ዓመት ኔፓል ተራራውን ከፍታ 408 ፈቃድ ሰጠች፤ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ቁጥር ነው። በሰፈሩ ውስጥ በሽታው ገባ፤ አንድ የኦስትሪያ ጉዞ አዘጋጅ በሜይ አጋማሽ ጉዞውን አቋርጦ ደንበኞቹን መለሰ። በዚያው ሰሞን በካትማንዱ ሆስፒታሎች ኦክስጅን ስላለቀ፣ የኔፓል የተራራ መውጣት ማኅበር ተራራ ወጪዎች ባዶ የኦክስጅን ጠርሙሶቻቸውን ተራራው ላይ እንዳይጥሉና ለሕሙማን እንዲውሉ ይዘው እንዲወርዱ ጠየቀ። ይህን ሳነብ፣ ከላይ ባለው ድንኳን ጤነኛ ሰው ለከፍታው የሚስበው ኦክስጅንና ከታች ባለው አልጋ በሽተኛው ያጣው ኦክስጅን በአንድ ዓይነት ጠርሙስ የሚሞላ መሆኑ ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም። ያም ሆኖ ለእንጀራው የሚወጣውን ሰው ለደስታዬ በምወጣው በእኔ ሚዛን ልመዝነው አልችልም። የምጠይቀው ቢኖር ያን እንጀራ ከዚያ አደጋ ጋር ያሰረውን ደንበኛ ነው።

እንዲህ ሁሉ ማለቴ እገዳው እስከ ዓለም ፍጻሜ መቆየት ነበረበት ማለት አይደለም። ጎመን በጤና የሚለው ብሂል ለጥቂት ሳምንት ይሠራል፤ ለዓመት ግን ጎመን ብቻውን ጤናም አይሰጥም። ያን ጊዜ በአራት ግድግዳ ውስጥ ተዘግተው፣ ከበሩ መቃን በላይ የጣት ማጠናከሪያ ሰሌዳ ሰቅለው ሲንጠለጠሉ የከረሙ ብዙ ወዳጆች አሉኝ፤ አንዳንዶቹን ያሳጣቸው የጡንቻ ልምምድ ብቻ አይደለም፤ ከጭንቀታቸው የሚያርፉበትን ብቸኛ ስፍራ ነው። ይህን እንደ ቅንጦት የሚያዩ ሰዎች የማያውቁትን እየፈረዱ ነው። እንግሊዝ በሜይ 13 ቀን 2020 ወደ ገላጣ ስፍራ በመኪና መሄድን ያለ ርቀት ገደብ ስትፈቅድ፣ ዌልስ ግን በአካባቢያችሁ ቆዩ የሚለውን እስከ ጁላይ 6 ስታቆይ፣ የዐለት ወጪው ማኅበረሰብ እንደገና ለሁለት ተከፈለ። በእኔ አስተያየት በዚያን ጊዜ ነገሩ ተለውጦ ነበር፤ ሆስፒታሎች መተንፈስ ጀምረዋል፣ ገላጣ ስፍራ ከዝግ ክፍል እጅግ የተሻለ እንደሆነ ታውቋል፣ የነፍስ አድን ቡድኖችም ራሳቸውን የሚጠብቁበትን ልብስና ሥርዓት አዘጋጅተዋል። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ፣ በቅርብ ባለ ዐለት፣ የመኪና ማቆሚያው ከሞላ ሳያመነታ ለመመለስ ወስኖ የወጣን ሰው መገሠጽ ተገቢ አልነበረም። ከገሣጮቹ መካከል ጥቂት የማይባሉት፣ ሲጀመር ለሌላው በማሰብ የያዙትን አቋም በኋላ ለራሳቸው ቅድስና የያዙት ይመስለኝ ነበር። ያን ሳይም በውስጤ የኤፕሪሉ ጥፋቴ ትንሽ ይቀልልኝ ነበር፤ ይህም እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

ጓደኛዬ በዚያው በኤፕሪል መጨረሻ እንደገና ደውሎልኝ ነበር። ያን ጊዜ መልስ ነበረኝ፤ «አልመጣም፤ ብንወድቅ የሚሸከሙን ሰዎች አሁን ሌላ ሥራ አለባቸው» አልኩት። ተቀየመኝ። ከሌላ ሰው ጋር ሦስት ጊዜ ሄደ፤ ሦስቱንም ጊዜ በሰላም ተመለሰ፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል። ክርክራችን አልተቋጨም፤ እሱ ምንም እንዳልሆነ ይነግረኛል፣ እኔም ምንም ባለመሆኑ አልረታም እለዋለሁ።

በጁን፣ እገዳው ከላላ በኋላ፣ አብረን ወጣን። ሁለት ወር ያህል ገመድ ያልነካሁ ሰው ስለነበርኩ አጭርና ቀላል መንገድ መረጥን፤ እኔ ልቀድም ተስማማን። የስምንት ቁጥር ቋጠሮዬን ከወገብ መታጠቂያዬ ጋር እያሰርኩ ሳለ ስለ እናቱ ጤና ጠየቅሁት፤ ደኅና ናቸው አለኝ፤ ወደ ዐለቱ ዞርኩ፤ ሁለቱንም እጆቼን ከመጀመሪያው መያዣ ላይ አሳረፍኩ። ከኋላዬ የመታጠቂያዬን ማንጠልጠያ ይዞ ጎተተኝና፣ ጭምብሉን በአንድ እጁ እያስተካከለ፣ ምንም ሳይናገር ወደ ሆዴ አመለከተኝ። የገመዱ ጫፍ በመታጠቂያዬ ቀለበት ውስጥ አልፏል፤ ቋጠሮው ግን ግማሽ ድረስ ብቻ ተመልሶ ቀርቷል። ፈትቼ ከመጀመሪያው አሰርኩት፤ እሱም ቀርቦ፣ በሁለት ጣቱ እያንዳንዱን ጥንድ እየቆጠረ ፈተሸልኝ።